የሜፕል ጣፋጭ ለበዓል፦ በያዙት ሽሮፕ የትኛው ይሠራል?

«ቀላሉ የሜፕል ጣፋጭ የትኛው ነው?» ብሎ ለሚጠይቀኝ ሰው መልስ ከመስጠቴ በፊት፣ የያዘውን የሜፕል ሽሮፕ ጠርሙስ አዙሮ ከጀርባው የተጻፈውን እንዲያነብልኝ እጠይቃለሁ። ብዙ ጊዜ ጣፋጩ የሚበላሸው ምድጃው ላይ ሳይደርስ፣ ገና ዕቃው ሲገዛ ነው። በመጀመሪያው ዓመት እኔም የሜፕል ክሬም እሠራለሁ ብዬ አርባ ደቂቃ ሙሉ አማሰልኩ። ክንዴ ዛለ፣ ድስቱ ቀዘቀዘ፣ ውስጡ ያለው ግን እንደ ሙጫ እየተለጠጠ ቀረ። በማግሥቱ ጠርሙሱን ሳነበው የበቆሎ ሽሮፕ፣ ቀለም እና የሜፕል ሽታ ነበር። ከሜፕል ዛፍ የወጣ አንድ ጠብታ የለበትም። እስከ ነገ ባማስለው አይረጋልኝም ነበር፤ ምክንያቱን ወደ ታች እመለስበታለሁ።

ጠርሙሱ ውስጥ ያለው

ገበያ ላይ «ሜፕል» የሚል ጽሑፍ ይዘው የሚቀመጡት ሦስት የተለያዩ ነገሮች ናቸው።

የመጀመሪያው እውነተኛው ሽሮፕ ነው። ቅጠሉን በካናዳ ሰንደቅ ዓላማ ላይ የምናውቀው የሜፕል ዛፍ፣ ብርዱ ሊወጣ ሲል፣ ሌሊቱ በረዶ ቀኑ ሞቅ ያለ በሚሆንበት ወቅት ግንዱ ይበሳና ውኃ የመሰለ ፈሳሽ ይቀዳል። ፈሳሹ ውስጥ ያለው ስኳር 2 በመቶ ገደማ ብቻ ስለሆነ፣ 40 ሊትር ያህሉ ፈልቶ ፈልቶ የሚተርፈው 1 ሊትር ሽሮፕ ነው። ዋጋው የሚወደደውም ለዚህ ነው። የሰሜን አሜሪካ ነባር ሕዝቦች አውሮፓውያን ከመምጣታቸው በፊት ሥራውን ያውቁት ነበር፤ ዛሬ ከዓለም ምርት 70 በመቶ ገደማው የሚወጣው ከካናዳዋ ኩቤክ ነው። ለእኛ ሥራ ዋናው ቁም ነገር ግን፣ ሽሮፑ 66 በመቶ ያህል ስኳር መሆኑና ያም ስኳር ከሞላ ጎደል ሱክሮስ፣ ማለትም ሻይ ውስጥ የምንጨምረው ዓይነት ስኳር መሆኑ ነው።

ሁለተኛው የፓንኬክ ሽሮፕ የሚባለው ነው። የበቆሎ ሽሮፕ ሆኖ ቀለምና ሽታ የተጨመረበት። ፓንኬክ ላይ ለማፍሰስ ምንም አይልም፤ ጣፋጭ ለመሥራት ግን ብዙ በሮች ይዘጋል።

ሦስተኛው በትንሽ ብልቃጥ የሚሸጠው የሜፕል ፍሌቨር ነው። ስኳርነት የለውም፣ ሽታ ብቻ ነው፤ የሻይ ማንኪያ አንድ ወይም አንድ ተኩል ድስት ሙሉ ይለውጣል። ይህን ሽታ ከሚሰጡት ንጥረ ነገሮች አንዱ ሶቶሎን ይባላል፤ አብሽ ውስጥም የሚገኘው እሱ ነው። ለዚህ ነው ሰው ሠራሽ የሜፕል ፍሌቨር ብዙ ጊዜ ከአብሽ የሚሠራው። እ.ኤ.አ. ከ2005 ጀምሮ ኒውዮርክ ከተማ አንዳንድ ቀን በሜፕል ሽታ እየታጠነች ነዋሪው ግራ ሲጋባ ቆይቶ፣ በ2009 ሽታው ከወንዙ ማዶ ኒው ጀርሲ ውስጥ የአብሽ ዘር ከሚያቀነባብር ፋብሪካ እንደሚመጣ ተደረሰበት። አብሽ በቤቱ የቆላ ወይም የፈጨ ሰው ይህን ሲሰማ ብዙም የሚገርመው አይመስለኝም። ይህን የማነሣው ብልቃጡን ለመናቅ አይደለም። በቦታው ከዋለ ጥሩ ሥራ ይሠራል፤ ቦታው የቱ እንደሆነ ከታች አለ።

እውነተኛውን ከያዙ ደግሞ ቀለሙን ይመልከቱ። በካናዳም በአሜሪካም አሁን የሚሸጠው በአራት ቀለም ተለይቶ ነው፦ ወርቃማ፣ ዐምበር፣ ጥቁር እና በጣም ጥቁር። ብዙ ሰው ጥቁሩን ሁለተኛ ደረጃ አድርጎ ያየዋል፤ ስሕተት ነው፣ አራቱም አንደኛ ደረጃ ሊሆኑ ይችላሉ። ልዩነታቸው ጣዕምና ጠባይ ነው። ወርቃማው ለስላሳ ጣዕም አለው፣ በደንብም ይረጋል። ጥቁሩ ጣዕሙ ይበረታል፤ ነገር ግን በአብዛኛው በወቅቱ መጨረሻ የሚቀዳ በመሆኑ ግሉኮስና ፍሩክቶስ የሚባሉ ሌሎች የስኳር ዓይነቶች በዛ ይሉበታል፣ እነዚህ ደግሞ መርጋትን ይከለክላሉ። ስለዚህ ለክሬምና በቅርጽ ለሚወጣ ከረሜላ ወርቃማውን ወይም ዐምበሩን፣ ለካራሜል (እየታኘከ ለሚበላው ለስላሳ ከረሜላ) እና በሽሮፕ ለሚለበስ ዋልነት ጥቁሩን ይያዙ። «ለበዓል ስለሆነ ጣዕሙ የከበደውን ልግዛ» ብለው ጥቁሩን ለከረሜላ ቢገዙ ድካም ነው የሚተርፍዎት።

እንዲረጋ ነው ወይስ እንዳይረጋ?

የሜፕል ጣፋጮች ሁሉ በሁለት ጎራ ይከፈላሉ፤ ይህን ከያዙ የቀረው ሁሉ ይቀልልዎታል። በአንደኛው ጎራ ስኳሩ እንደ ማር እንዲረጋ እንፈልጋለን፦ ክሬም፣ ፈጅ (በቁራሽ የሚቆረጥ ለስላሳ ጣፋጭ)፣ በቅርጽ የሚወጣ ከረሜላ። በሌላው ጎራ ጨርሶ እንዳይረጋ እንፈልጋለን፦ ካራሜል፣ በበረዶ ላይ የሚፈስ ታፊ፣ የሚያብለጨልጭ የዋልነት ልባስ።

አንድ ምሳሌ ልስጥ። ሽሮፑን ውኃ ከሚፈላበት ሙቀት 13 ዲግሪ ከፍ እስኪል ያፍሉትና ለሁለት ይክፈሉት። ግማሹን ሳይነኩት በተጠቀጠቀ በረዶ ላይ በቀጭኑ ሲያፈሱት፣ ስኳሩ ለመደራጀት ጊዜ ሳያገኝ ይደርቅና የሚለጠጥ፣ ብርሃን የሚያሳልፍ ታፊ ይሆናል። ሌላውን ግማሽ ቀዝቃዛ ውኃ ውስጥ ድስቱን አስቀምጠው እስኪበርድ ከጠበቁና ከዚያ ካማሰሉት ደግሞ ወዙ ይጠፋል፣ ይነጣል፣ ዳቦ ላይ የሚቀባ ልስልስ ክሬም ይሆናል። ሽሮፑም ሙቀቱም አንድ ነው፤ ለውጡን ያመጣው ከእሳት ከወረደ በኋላ የተደረገው ነው።

የፓንኬክ ሽሮፕ ክሬም የማይሆነውም ለዚህ ነው። የበቆሎ ሽሮፕ በባሕርዩ መርጋትን የሚከለክል ስኳር ነው። ያው ባሕርይ ግን ካራሜል ሲሠራ ጥቅም ይሆናል፤ የካራሜል ሠሪዎች ሆን ብለው ትንሽ የበቆሎ ሽሮፕ የሚጨምሩት አሸዋ እንዳይሆንባቸው ነው።

ቴርሞሜትሩን ከማመንዎ በፊት

አብዛኞቹ የምግብ አሠራር ጽሑፎች «113 ዲግሪ ሴልሺየስ» ብለው ይቆማሉ። ያ ቁጥር የሚሠራው ውኃ በ100 ዲግሪ በሚፈላበት፣ በባሕር ጠለል አካባቢ ላለ ሰው ነው። ከፍታው በ300 ሜትር ገደማ በጨመረ ቁጥር ውኃ የሚፈላበት ሙቀት አንድ ዲግሪ ያህል ይወርዳል፤ 2,400 ሜትር ላይ ውኃ በ92 ዲግሪ ገደማ ይፈላል። እዚያ ያለ ሰው 113 እስኪሞላ ከጠበቀ ሽሮፑ ከሚገባው በላይ ደርቆ እንደ ድንጋይ ይሆንበታል፤ የሚያስፈልገው 105 ነበር።

ስለዚህ ሁልጊዜ አስቀድሜ ውኃ አፈላና ቴርሞሜትሩን እነክራለሁ። ያነበበውን እጽፋለሁ፣ በዚያ ላይ እደምራለሁ። ሌላም ጥቅም አለው፦ ቴርሞሜትሩ ራሱ ሁለት ዲግሪ የሚያጎድል ከሆነ ስሕተቱ በዚሁ ይታረማል። ከዚህ በታች «ይህን ያህል ዲግሪ በላይ» ስል «ከውኃ መፍያ በላይ» ማለቴ ነው፤ ሲቀዘቅዝ የምሰጠው ቁጥር ግን ቴርሞሜትሩ ራሱ የሚያሳየው ሙቀት ነው።

ቴርሞሜትር ከሌለዎት አንድ ጠብታ ቀዝቃዛ ውኃ ውስጥ ይጣሉ። በጣት ሲሰበስቡት ለስላሳ ኳስ ሆኖ ከውኃው ሲወጣ ከተዘረጋ ለፈጅ ደርሷል፤ ቅርጹን ይዞ ከቀረ ለካራሜል ደርሷል። ለፈጅና ለካራሜል ይህ በቂ ነው። ለክሬም ግን ያለ ቴርሞሜትር አልመክርም፤ የአንድ ዲግሪ ልዩነት ይታይበታል።

ድስቱ ከሽሮፑ አራት እጥፍ የሚይዝ ይሁን። ሜፕል ሲፈላ አረፋው በድንገት ይነሣና ይገነፍላል፤ የጥፍር ያህል ቅቤ ጣል ቢያደርጉበት ይበርዳል። ልጆች ከምድጃው ይራቁ። የፈላ ስኳር ቆዳ ላይ ተጣብቆ ስለሚቀር ከፈላ ውኃ የባሰ ያቃጥላል፤ ስለዚህ ቀዝቃዛ ውኃ የሞላ ጎድጓዳ ሳህን ሁልጊዜ አጠገቤ አለ።

ያለ ቴርሞሜትር የሚሠሩት

በሽሮፕ የተለበሰ ዋልነት ወይም ፒካን (የዋልነት ዘመድ) ከሁሉም ይቀላል፤ ለጀማሪ ያለማመንታት የምመክረው ይህን ነው። ሁለት ኩባያ ዋልነት በደረቅ መጥበሻ ሽታው እስኪወጣ ያምሱ፣ ሲሶ ኩባያ ሽሮፕ፣ አንድ የሾርባ ማንኪያ ቅቤና ሩብ የሻይ ማንኪያ ጨው ይጨምሩ፣ በመካከለኛ እሳት እያገላበጡ ያቆዩ። ከአምስት ደቂቃ ገደማ በኋላ ሽሮፑ መንተክተክ ይጀምርና ዋልነቱን ይይዘዋል። እዚህ ላይ ሁለት ምርጫ አለ። ወዲያው አውርደው በመጋገሪያ ወረቀት ላይ ከበተኑት የሚያብለጨልጭ ልባስ ይሆናል፤ ውበት አለው፣ እርጥበት ባለበት አየር ግን በሁለትና በሦስት ቀን መጣበቅ ይጀምራል። እሳቱን ቀንሰው ማገላበጡን ከቀጠሉ ደግሞ ሽሮፑ ድንገት ይደበዝዝና ደረቅ፣ ስኳር የነሰነሱበት የሚመስል ልባስ ይሆናል። ለእንግዳ በሳህን የማቀርብ ከሆነ የመጀመሪያውን፣ በቆርቆሮ አድርጌ ለሰው የምሰጥ ከሆነ ሁለተኛውን እመርጣለሁ። በፓንኬክ ሽሮፕም ይሠራል፤ ብቻ ደረቁን ዓይነት አይጠብቁ።

ሌላው በኮንደንስድ ሚልክ የሚሠራው ፈጅ ነው፤ ብልቃጧ ቦታዋን የምታገኘው እዚህ ነው። አንድ ቆርቆሮ ጣፋጭ ኮንደንስድ ሚልክ (400 ግራም ገደማ) እና 450 ግራም ነጭ ቸኮሌት በዝቅተኛ እሳት ያቅልጡ፣ ከእሳት ካወረዱ በኋላ አንድ ተኩል የሻይ ማንኪያ የሜፕል ፍሌቨርና ቆንጠር ጨው ይጨምሩ፣ የመጋገሪያ ወረቀት በተነጠፈበት 20 ሴንቲ ሜትር ትሪ ላይ ገልብጠው ሁለት ሦስት ሰዓት ፍሪጅ ውስጥ ያቆዩ። በቃ። የሚያረጋው ቸኮሌቱ ስለሆነ ሙቀት መለካት የለም፣ ማማሰል የለም፣ ልጆችም ሊያግዙ ይችላሉ። እዚህ እውነተኛ ሽሮፕ ማፍሰስ ብክነት ነው፦ ጣዕሙ በቸኮሌቱ ይዋጣል፣ ፈሳሹም ፈጁን ያለሰልሰዋል። ጨውን አይርሱ፤ ያለ ጨው በጣም ይጣፍጥና ከሁለተኛው ቁራሽ በኋላ እጅ አይሰድዱለትም።

ቴርሞሜትር የሚፈልጉት

እውነተኛው የሜፕል ፈጅ ከላይ ካለው ጋር ስሙ እንጂ ጣዕሙ አይገናኝም። በኩቤክ ቤቶች ለገና የሚሠራው የክሬምና የስኳር ጣፋጭ ዘመድ ነው። ግማሽ ሊትር ሽሮፕ፣ ሩብ ሊትር ወፍራም ክሬም፣ 30 ግራም ቅቤ። 13 ዲግሪ በላይ እስኪደርስ ያፍሉ፤ ካወረዱ በኋላ እጅ እንዳያስገቡበት፣ ማንኪያም እንዳይነኩበት። የድስቱ ቂጥ በእጅ ሲዳሰስ ሞቅ የሚል ብቻ እስኪሆን፣ 43 ዲግሪ ገደማ ድረስ፣ ይጠብቁ። ከዚያ በእንጨት ማማሰያ ያለ ዕረፍት ያማስሉ። መጀመሪያ እንደ ማር ይጎተታል፤ ከዚያ ይከብዳል፤ ቀለሙ ከቡናማ ወደ ቡና በወተት ይሄዳል። ወዙ ጠፍቶ ማማሰያው የሄደበት መንገድ ሳይከደን ሲቀር በፍጥነት ትሪ ላይ ይገልብጡ፤ ግማሽ ደቂቃ ቢዘገዩ ድስቱ ውስጥ ይደርቃል። ሰው የሚሳሳተው በትኩሱ ማማሰል በመጀመሩ ነው፤ ያኔ የስኳሩ ፍሬዎች ጥቂትና ትላልቅ ይሆኑና ጥርስ ላይ እንደ አሸዋ ይንቋቋል። ከተበላሸም አይጣሉት። ትንሽ ውኃ ጨምረው ፍሬዎቹ ሙሉ በሙሉ እስኪሟሙ ያሙቁት፣ እንደገና ያፍሉት፣ እንደገና ይጠብቁት። እኔ አንድ ድስት በዚህ መንገድ ሁለቴ አድኜ አውቃለሁ።

የሜፕል ክሬም፣ ስሙ ክሬም ቢሆንም ወተት የለበትም፤ ሽሮፕ ብቻ ነው። ከ12 እስከ 13 ዲግሪ በላይ አፍልተው፣ ድስቱን በበረዶ ውኃ ውስጥ አስቀምጠው ሳያንቀሳቅሱ ከ20 ዲግሪ በታች ያውርዱ፣ ከዚያ ቀስ ብለው ከ20 እስከ 30 ደቂቃ ያማስሉ። ከሁሉም ትዕግሥት የሚጠይቀው ይህ ነው፤ ለእኔ ግን በትንሽ ብርጭቆ ተሞልቶ ለወዳጅ ሲሰጥ ከዚህ የሚበልጥ የሜፕል ስጦታ የለም፣ ምክንያቱም ጣዕሙን የሚጋርደው ምንም ነገር የለም። ፍሪጅ ውስጥ ለረጅም ጊዜ ይቆያል፤ ላዩ ላይ ፈሳሽ ቢያቁር በማንኪያ ይመለሳል። ጊዜ ከሌለዎት፣ ወይም ወርቃማ ሽሮፕ ካላገኙ፣ ይለፉት።

በቅርጽ የሚወጣው ከረሜላ ከክሬሙ ይፈጥናል። 18 ዲግሪ በላይ አፍልተው፣ ወደ 80ና 90 ዲግሪ መካከል እስኪወርድ ጠብቀው፣ መደብዘዝ እስኪጀምር ጥቂት ደቂቃ አማስለው በሲሊኮን ቅርጽ ውስጥ ያፈሳሉ። ከግማሽ ሰዓት በኋላ ይወጣል። እዚህ የሚያስቸግረው ፍጥነቱ ነው፦ ሁሉም ቅርጽ ሳይሞላ ድስቱ ውስጥ ሊረጋ ስለሚችል ለመጀመሪያ ጊዜ ከሩብ ሊትር በላይ አይሞክሩ። ከግማሽ ሊትር ሽሮፕ የሚወጣው ከረሜላ ግማሽ ኪሎ ገደማ ብቻ ነው፤ ስለዚህ ለብዙ እንግዳ ታስቦ የሚሠራ አይደለም። ትንሽ ነው፣ ግን አፍ ውስጥ ገብቶ ሲሟሟ ጣዕሙ ይቆያል፤ ለሰው ሦስት ሦስት ፍሬ ይበቃል።

ካራሜሉን ባጭሩ ልንገርዎት። ሽሮፕ፣ ክሬም፣ ቅቤ እና ትንሽ የበቆሎ ሽሮፕ ከ18 እስከ 20 ዲግሪ በላይ ይፈላል፣ ትሪ ላይ ይፈሳል፣ በማግሥቱ ይቆረጣል። ጣዕሙ ድንቅ ነው። ድካሙ ያለው እያንዳንዱን ቁራሽ በወረቀት መጠቅለሉ ላይ ነው፤ ሳይጠቀለል ከቀረ እርስ በርሱ ይጣበቃል። የሚያግዝ ሰው ካለዎት ይሥሩት፣ ብቻዎን ከሆኑ ፈጁን ይምረጡ።

ለማን የትኛው?

ጠርሙስዎ የፓንኬክ ሽሮፕ ከሆነ ዋልነቱን ይሥሩ፤ ከሚረጋው ጎራ ምንም አይሞክሩ። ያለዎት ብልቃጥ ብቻ ከሆነ የኮንደንስድ ሚልኩ ፈጅ። እውነተኛ ሽሮፕ ኖሮዎት ቴርሞሜትር ከሌለዎት ዋልነቱን፣ ወይም ጠብታውን በውኃ እየሞከሩ እውነተኛውን ፈጅ። ሁለቱም ካለዎት እኔ የምመርጠው እውነተኛውን ፈጅ ነው፦ መጠኑ ለቤተ ሰብ ይበቃል፣ ቢበላሽ ይድናል፣ ሽሮፑም አይባክንም። ዋልነት ወይም ፒካን የማይስማማው እንግዳ ካለ አስቀድመው ይጠይቁ፤ ዋልነት የነካውን መጥበሻና ማማሰያም ሳያጥቡ ለሌላው አይጠቀሙ።

የቀን አያያዝን በተመለከተ፣ ክሬሙ ከበዓሉ ሁለት ሳምንት አስቀድሞ ሊሠራ ይችላል። ፈጁ በደንብ ተሸፍኖ ሳምንት ይቆያል፤ እንዲያውም በሁለተኛው ቀን ይጥማል። በቅርጽ የወጣው ከረሜላ በሳምንቱ መጨረሻ መድረቅና ነጭ ነጥብ ማውጣት ስለሚጀምር ሁለት ሦስት ቀን ሲቀር ይሠራ፣ ከካራሜሉም ጋር አንድ ቆርቆሮ ውስጥ አይግባ፤ አንዱ የሌላውን እርጥበት ይስባል። የሚያብለጨልጨው ዋልነት ለዋዜማው ይቆይ።

ታፊውን ለሰው ልስጥ ብለው አያስቡ፤ አያድርም። ግን በበዓሉ ዕለት እውነተኛ ሽሮፕ ከተረፈዎት ጥልቅ ትሪ ላይ የተፈጨ በረዶ ይጠቅጥቁ፣ ሽሮፑን 13 ዲግሪ በላይ አፍልተው በማንኪያ በመስመር በመስመር ያፍስሱ። ለልጆቹ አንዳንድ የአይስክሬም እንጨት ይስጧቸውና ከአንዱ ጫፍ ይዘው ይጠቅልሉት። ለመጠቅለል ያላቸው ጊዜ ግማሽ ደቂቃ ያህል ነው፣ ከዚያ ይጠነክራል።